የሚሆነኝን ቴራፒስት በምን ልለየው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን አውጥተናል። ጠያቂዎቹ የሚኖሩት ተራርቀው ነው፤ ጭንቃቸው ግን ይቀራረባል። ለአእምሮ ጤናቸው ከቴራፒስት፣ ማለትም በንግግር ከሚያክም ባለሙያ፣ እርዳታ ለመፈለግ ወስነዋል። ማን ዘንድ እንደሚሄዱ፣ የሄዱበትም ሰው የሚሆናቸው መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነው ያስቸገራቸው። የመጀመሪያው መልስ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ብዙዎቻችሁ በተለያየ መንገድ የጠየቃችሁት እሱን ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ አበሻ ይሻለኛል ወይስ ፈረንጅ?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። እናቴ ደሴ ላይ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። የወረቀት ጉዳዬ ስላላለቀ ለቀብሯ መሄድ አልቻልኩም። መሞቷን ያወቅኩት ሥራ ላይ ሆኜ፣ አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ ፎቶዋን ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ አይቼ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ሐኪሜ ቴራፒስት ጋ ላከችኝ። አሜሪካዊት ናት፤ ደግ ሰው ናት። ግን ግማሹ ሰዓት የሚያልቀው እኛ ሐዘን እንዴት እንደምንቀመጥ ሳስረዳት ነው። እህቶቼን ስለምረዳ «ስለ ገንዘብ ገደብ አብጂላቸው» አለችኝ፤ ያኔ ዝም አልኩ። አማርኛ የምትናገር ሌላ ቴራፒስት አግኝቻለሁ፤ እሷ ደግሞ እኔ የምሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ነው የምትመጣው። ወሬዬ ቢወጣስ? የቷን ልምረጥ? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የእናትሽንም ነፍስ ይማር።

ደብዳቤሽን ሳነብ ያስቆመኝ ሞቷን የሰማሽበት መንገድ ነው። አገር ቤት ብትሆኚ ኖሮ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ደግፎ የሚይዝሽ ሰው አጠገብሽ አስቀምጦ ነበር የሚያረዳሽ። አንቺ ግን ብቻሽን፣ ሥራ ላይ፣ ከስልክ ላይ አነበብሽው። አልቀበርሽም፤ ድንኳን አልተቀመጥሽም፤ ከእህቶችሽ ጋር ተቃቅፈሽ አላለቀስሽም። እኔ እስከሚገባኝ የሐዘንሽ መሃሉ ይሄ ነው። ስለዚህ ቴራፒስትሽ አበሻም ትሁን ፈረንጅ፣ እዚህ ላይ ቆም ብላ «እስቲ ያን ቀን ንገሪኝ» ካላለችሽ ዋናው ነገር እያመለጣት ነው።

አሁን ያለችሽን ከመተውሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ፤ ንገሪያት። ይሄ ለእኛ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ባለሙያ ቅር እንዳይለው ብለን ፈገግ እንላለን፣ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብለን እንወጣለን፣ በዚያው እንቀራለን፤ ቴራፒስቷ ስትደውል ስልክ አናነሳም። እሷ የቱ ጋ እንደሳተች ሳታውቅ ትቀራለች፤ እኛ ደግሞ «ቴራፒ ለአበሻ አይሆንም» ብለን እንደመድማለን። እንዲህ ሆነው የቀሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ገና እንደተቀመጥሽ እንዲህ በያት፦ «ባለፈው ስለ ገንዘብ ያልሽኝ አልተመቸኝም። እህቶቼ የእናቴ አደራ ናቸው። እነሱን ማስተማር ከእሷ ጋር ያለኝ የመጨረሻ ነገር ነው። እኔ የመጣሁት እናቴን አልቅሼ መቅበር ስላልቻልኩ ነው።» ከዚያ ምላሿን ተመልከቺ። ራሷን መከላከል ከጀመረች፣ ወይም «ገባኝ» ብላ ቶሎ ካለፈችው፣ መልስሽን አግኝተሻል። ጠጋ ብላ «አላወቅኩም ነበር፤ ስለ አደራው ንገሪኝ» ካለችሽ ግን እንዲህ ያለች ሰው ቶሎ አትተዪ። ስለ ሐዘን አቀማመጣችን አንዴ ማስረዳት ያለ ነው። በየሳምንቱ ከሀ መጀመር ግን የለብሽም። ባለፈው የነገርሻትን አስታውሳ፣ ከዚያ ቀጥላ መጠየቅ የእሷ ሥራ ነው።

ኤድዋርድ ቦርዲን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1979 እ.ኤ.አ. በቴራፒስትና በታካሚ መካከል ያለውን ግንኙነት በሦስት ነገር ገልጾታል፤ በዓላማው መስማማት፣ ወደዚያ ለመድረስ በሚሠራው ሥራ መስማማት፣ እና መተማመን። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችም ይህ ግንኙነት ገና በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ሲጸና ውጤቱ የተሻለ እንደሚሆን አሳይተዋል። ያንቺን በዚህ ስመለከተው ሴትዮዋ ደግ ናት፤ ሦስተኛው ላይ ብዙ ችግር የለም። የተለያያችሁት የመጀመሪያው ላይ ነው። እሷ የምታክመው የገንዘብ ጫና ነው፤ አንቺ የሄድሽው ለእናትሽ ነው። ሁለት ሰው በጣም ተዋዶም በዓላማው ካልተገናኘ ወራት እንዲሁ ያልፋሉ።

ወደ አማርኛ ተናጋሪዋ ልምጣ። በእናት ቋንቋ ማልቀስ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን አላቃልልም። «ሆዴ ባባ» ስትያት የሚገባት ሰው ማግኘት ያሳርፋል። ነገር ግን ቋንቋ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አማርኛ እየተናገረች እንደ ጎረቤት «በርቺ እንጂ፣ ላንቺ ብቻ አልመጣ» የምትል ቴራፒስት ልትገጥምሽ ትችላለች። ሌላም አለ፤ ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ብዙ ሰው «ይቺ ከየት ናት፣ የማን ወገን ናት» ብሎ ሳይጨነቅ ለአበሻ ባለሙያ ልቡን መክፈት ከብዶታል። አንቺም የደሴ ልጅ ነሽና ይህ ሐሳብ ቢመጣብሽ አትፈሪው፤ በግልጽ ጠይቂያት። ጥያቄውን ተረጋግታ መስማት የማትችል ከሆነች ከዚያ የከበደውን እንዴት ትሰማልሻለች?

ስለ ወሬው፦ ፈቃድ ያላት ቴራፒስት ምስጢርሽን እንድትጠብቅ ሕግ ያስገድዳታል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ሂፓ የሚባለው የፌዴራል ሕግ አለ፤ የሙያው ሥነ ምግባርም አለ፤ ጥሳ ብትገኝ ፈቃዷን ልታጣ ትችላለች። ምስጢሩ የሚከፈትባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ ራስሽን ወይም ሌላ ሰው ልትጎጂ ነው የሚል ከባድ ሥጋት ሲኖር፣ ሕፃን እየተጎዳ ሲሆን፣ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ። እነዚህን በመጀመሪያው ቀን ራሷ ልትነግርሽ ይገባል። ደግሞ ገና በስልክ ሳለሽ ጠይቂያት፦ «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብንገናኝ ምን ታደርጊያለሽ?» ጥሩ ባለሙያ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላት፤ አንቺ ካልጀመርሽ ሰላም እንደማትልሽ፣ አብራችሁ ማኅበር ላይ የምትቀመጡ ከሆነ ደግሞ ጉዳይሽን ባትይዝ እንደሚሻል ትነግርሻለች። ሙያው ከታካሚ ጋር ሌላ ዝምድና እንዳይኖር አጥብቆ ይመክራል። «አይዞሽ እኔ ለማንም አልናገርም» ብቻ ብላ ካለፈችው ግን እኔ አልሄድባትም።

ሦስተኛም ምርጫ አለሽ። አሁን ቴራፒ በቪዲዮ ይሰጣል። ቴራፒስቷ ሜሪላንድ ውስጥ ላለ ሰው ለመሥራት የተፈቀደላት እስከሆነች ድረስ ሰፈራችሁ መሆን አይጠበቅባትም። ስለዚህ አማርኛ የምትችል፣ ማኅበረሰብሽን የማታውቅ ሰው መፈለግ ትችያለሽ። ከስሟ ኋላ ኤልሲፒሲ (LCPC፣ የአማካሪዎች ፈቃድ) ወይም ኤልሲኤስደብልዩ-ሲ (LCSW-C፣ የማኅበራዊ ሠራተኞች ፈቃድ) የሚል ካየሽ በሜሪላንድ ተቆጣጣሪ ሳያስፈልጋት ራሷን ችላ ቴራፒ የመስጠት ፈቃድ አላት ማለት ነው። ስሟን የግዛቱ የሙያ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ አስገብተሽ ፈቃዱ የሚሠራ መሆኑን በነጻ አረጋግጪ።

ማንንም ብትመርጪ አንድ ጥያቄ እንዳትረሺ፦ «ከሐዘን ጋር የሠራሽው ሥራ ምን ይመስላል?» ከዓመት በላይ ሳይለቅ ኑሮን የሚያውክ ሐዘን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ራሱን ችሎ ገብቷል። ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ፣ በ16 ቀጠሮ የሚሰጥ ሕክምናም አለ። ያንቺ እሱ ነው እያልኩ አይደለም፤ ያን የሚለየው የሚያይሽ ሰው ነው። ግን ስለ ሐዘን የተለየ ሥልጠና ያለው ሰው እንዳለ እወቂና ፈልጊ። ሦስት አራት ቀጠሮ ሞክሪ። በዚያ ጊዜ ስለ ፌስቡኩ ቀን ሳታወሪ ከቀረሽ ወይ ንገሪያት ወይ ቀይሪ። መቀየር ነውር የለውም፤ «ሌላ ሰው ጠቁሚኝ» ብትያትም ልትረዳሽ ይገባል።

መኖር ካስጠላሽ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። አሜሪካ ውስጥ 988 ይደወላል።

ጥያቄ፦ አማካሪው «አግባ» አለኝ

27 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ከስድስት ወር ወዲህ ታክሲ ውስጥ ልቤ በድንገት ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ የምሞት ይመስለኛል። የልብ ምርመራ አድርጌ ጤነኛ ነህ ተባልኩ። ቲክቶክ ላይ የማየው «የሕይወት አማካሪ» ጋ ሄጄ ከፈልኩ፤ ብታገባ ይለቅሃል አለኝና ሥልጠናውን እንድገዛ ነገረኝ። እናቴ ጠበል እንሂድ ትላለች። አማኑኤል መሄድ ደግሞ እፈራለሁ፤ ሰው ቢያየኝስ? ማን ጋ ልሂድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ያ ሰው ምን ተምሮ፣ ከማን ፈቃድ አግኝቶ እንደሚሠራ ጠይቀኸው ነበር? የንግድ ፈቃድና የጤና ሙያ ፈቃድ ይለያያሉ። ቢሮ ከፍቶ «ማማከር» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ሁሉ የጤና ባለሙያ አይደለም። ክሊኒክ ስትገባ የተቋሙ ፈቃድ ሰው በሚያየው ቦታ ተለጥፎ መገኘት አለበት፤ የባለሙያውን የሙያ ፈቃድም ማየት መብትህ ነው። ስትጠይቅ የሚቆጣ ሰው ካጋጠመህ ውጣ። ፈቃድ ያለው ባለሙያም ቢሆን ሥልጠና እንድትገዛ ወይም ማንን እንድታገባ አይነግርህም።

አሁን ማን ምን እንደሚሠራ በአጭሩ። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ሆኖ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝዝም፤ በንግግርና በልምምድ ነው የሚያክመው። በየሆስፒታሉ በአእምሮ ጤና የሠለጠኑ ነርሶችና የሁለተኛ ዲግሪ ባለሙያዎችም አሉ፤ አገራችን ውስጥ ብዙውን ሰው የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ በማዕረጋቸው አትናቃቸው። አማኑኤል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ያለ አንጋፋ ሆስፒታል ነው፤ እዚያ መሄድ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከከበደህ ግን ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ፣ ቅዱስ ጳውሎስና የካ ኮተቤም የአእምሮ ሕክምና አለ፤ የግል ክሊኒኮችም አሉ።

የነገርከኝ ፓኒክ የሚባለውን፣ በድንገት የሚመጣ ከባድ ፍርሃት፣ ይመስላል፤ በደንብ የሚታከም ነገር ነው። ለዚህ የሚሆንህን ሰው በምን ትለየዋለህ? መጀመሪያ ሰውነትህን ይጠይቃል። ቀን ስንት ቡና ትጠጣለህ፣ ጫት ትቅማለህ ወይ፣ መጠጥስ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው፣ የታይሮይድ ምርመራ ተደርጎልሃል? እነዚህን ሳይጠይቅ ምክር የሚጀምር ሰው ቸኩሏል። ሁለተኛ፣ የልብህ ምት አደጋ የሚመስልህ ለምን እንደሆነ ያስረዳሃል። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (አስተሳሰብንና ልማድን በልምምድ የሚቀይር ሕክምና) የተማረ ከሆነ ደግሞ የምትሠራው ልምምድ ይሰጥሃል፤ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ደረጃ እንደመውጣት ያለ ነገር አሠርቶ ልብህ ሲመታ አብሮህ ይቆያል፤ ቀስ በቀስም ወደ ታክሲው ይመልስሃል። በየሳምንቱ ሰምቶህ «አይዞህ» ብሎ የሚሸኝህ ደግ ሰው ለፓኒክ አይበቃም። ስንት ቀጠሮ እንደሚፈጅ፣ በምንስ መሻልህን እንደምታውቁ ጠይቀው። መድኃኒት ከታዘዘልህ ብዙ ጊዜ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል፤ «አልሠራም» ብለህ በአሥረኛው ቀን አትጣለው፤ ስታቆምም ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረህ ይሁን።

ጠበሉን በተመለከተ፣ እምነትህን የሚያናንቅ ባለሙያ ጋ አትቆይ፤ ልብህን አትከፍትለትም። «መድኃኒቱን ትተህ ጠበል ብቻ» የሚልህንም አትስማ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ አስተምረዋል። ለእናትህ ይህን ንገራት፤ አብረሃትም ሂድ፤ ከቀጠሮህም አትቅር።

ጥያቄ፦ እናቴን የማስተረጉምላት እኔ ነኝ

የምጽፈው ከእስራኤል፣ ከነታንያ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። በሱዳን በኩል በእግር ነው የመጣችው፤ ሁለት ወንድሞቿን መንገድ ላይ ቀብራለች። አሁን ሌሊት ትጮኻለች፤ ቀን ደግሞ ደረቴን፣ ጀርባዬን ትላለች። ከኩፓት ሆሊም (ከጤና መድን ድርጅቷ) ሳይኮሎጂስት ጋ ላኳት፤ ዕብራይስጥ ስለማትችል እኔ አብሬ እገባለሁ። ስለ ሱዳን ሲጠይቃት «ደህና ነበር» ትላለች። ሰውየው አይረባም ወይስ እናቴ ናት?

መልስ፦ ሁለቱም ላይሆኑ ይችላሉ። እናትሽ እዚያ ያየችውን በልጇ አፍ አታወራውም። አንቺን እየጠበቀችሽ ነው። ስንት ዓመት ያስቀመጠችው ነገር በአንቺ በኩል እንዲወጣ መጠበቅ ለእሷም ለአንቺም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ከክፍሉ ውጪ፣ በር ላይ ጠብቂያት። አስተርጓሚ ጠይቂ፤ የአማርኛ የስልክ ትርጉም አለ፤ አንዳንድ ክሊኒክም በባለሙያውና በታካሚው መሃል ሆና የምታግባባ፣ መጋሼሬት የምትባል ሠራተኛ አለች። ከሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በኩፓት ሆሊሞቹ በኩል የሚሰጥ መብት ነው፤ እንደ ውለታ አትጠይቂው። አስተርጓሚው ከዘመድ ወይም ከሰፈር ሰው እንዳይሆን ደግሞ አደራ።

ሳይኮሎጂስቱን ለመመዘን ከእናትሽ ፈቃድ ጋር ለብቻው አነጋግሪው። በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ ወደ 4,000 ቤተ እስራኤላዊ እንዳለቀ ያውቃል? ሰው በወጉ ሳይቀብር፣ ሳያለቅስ መንገዱን መቀጠል ነበረበት፤ ይህን ያልሰማ ባለሙያ የእናትሽን «ደህና ነበር» እንደ መልስ ይወስደዋል። ባያውቅ እንኳ ለመስማት ዝግጁ ከሆነ ጥሩ ነው። የደረቷን ሕመምም «ሐሳብ ነው» ብሎ አይለፈው፤ እናቶቻችን ሐዘናቸውን የሚናገሩት በሰውነታቸው ነው፤ በዚያ በኩል ነው መግባት ያለበት። ሴት ባለሙያ ትመርጥ እንደሆነም እናትሽን ጠይቂያት፤ እስካሁን ማንም የጠየቃት አይመስለኝም። መጀመሪያ ቀጠሮ ላይ ስለ ሱዳን የሚያፋጥጣት ሰው ሳይሆን ስለ ልጅነት መንደሯ፣ ስለ ወላጆቿ እየጠየቀ ቀስ ብሎ የሚጠጋት ይሻላታል።

ጥያቄ፦ ለባለቤቴ ያደላል

ከሐዋሳ ነው የምጽፍልዎ። ከባለቤቴ ጋር 22 ዓመት ኖረናል። ስንጣላ ሽማግሌ ሞከርን፤ አልሆነም። አሁን ጥንዶችን የሚያማክር ባለሙያ ጋ እንሄዳለን። እሱ ግን ለባለቤቴ ያደላል፤ «ሴት ልጅ ትዕግሥት ያስፈልጋታል» ይለኛል። ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ባለቤትዎ ባሉበት ለአማካሪው ይንገሩት፦ «እኔን የሰሙኝ አይመስለኝም።» ጥንዶችን የሚያይ ባለሙያ ሥራው ሁለቱንም እኩል መስማት ነው፤ ይህ ሲነገረው ቆም ብሎ ራሱን መመርመር አለበት። ሽማግሌ የሚፈልገው ዕርቅ ነው። ባለሙያው ግን የምትጣሉበትን መንገድ እንድታዩትና እንድትቀይሩት ነው የሚረዳችሁ፤ ዝም በይ ብሎ ትዕግሥትን መስበክ ለዚያ አያበቃም። ተናግረው ካልተሻለ ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ ሲፈልጉም ጥንዶችን ለማየት የተለየ ሥልጠና እንዳለው ይጠይቁ።

በደብዳቤዎ ያልጻፉትን አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ቤት ሲመለሱ እዚያ በተናገሩት ነገር ይፈራሉ? ይመታሉ? ከሆነ አብራችሁ መቀመጡን ያቁሙ። በዚህ ሁኔታ የጥንድ ምክር የበለጠ ሊጎዳዎ ይችላል። ብቻዎን የሚያይዎትን ባለሙያ ይያዙ፤ ለሚያምኑት አንድ ዘመድም ይንገሩ፤ ፖሊስ ጣቢያ ያለውን የሴቶችና ሕፃናት ክፍልም ያነጋግሩ። እንደዚያ ካልሆነና ጠቡ የንግግር ብቻ ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ይናገሩና የሚሆነውን ይጻፉልኝ።